ፎቶን እንቁጠር፦ ለጉዞ የሚሆን ካሜራ ስለ መምረጥና ስለ መጠቀም

በ2003 ዓ.ም. ለገና በዓል እናቴን ይዤ ላሊበላ ሄጄ ነበር። ትምህርቴን በውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስሁ ገና አንድ ዓመት አልሞላኝም። በትከሻዬ ያንጠለጠልሁት ከተማሪነት አበሌ ላይ ቆጥቤ የገዛሁትን፣ ባለ 10 ሚሊዮን ፒክስል ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ነበር። ከአንደኛው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እናቴ ከድንጋይ ዓምድ አጠገብ ቆማ፣ ጧፍ በእጇ ይዛ፣ ዜማውን እያዳመጠች ራሷን በዝግታ ትነቀንቅ ነበር። ፍላሹን አጥፍቼ፣ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር አስደግፌ፣ ቀሪውን ሁሉ ካሜራው ራሱ እንዲወስን ትቼ አነሣኋት። ከካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስኮት ላይ ሥዕሉ መልካም መስሎ ታየኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ በኮምፒዩተር ስከፍተው ግን ዓምዱ የመጥረቢያ ምልክቱ እንኳ እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ የእናቴ ፊት ግን ቅርጹ የጠፋ፣ ወርቅማ ጭጋግ ሆኗል።

እናቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፈች። በዚያ ጉዞ ፊቷን በቅርብ ያነሣሁበት ፎቶግራፍ ያ ብቻ ነው።

ይህንን የማወጋው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። በየዓመቱ ተማሪዎች ወደ ቢሮዬ እየመጡ፣ “ለጉዞ የሚሆን ካሜራ ልገዛ ነው፤ ስንት ሜጋፒክስል ያለው ይሻላል?” ብለው ይጠይቁኛል። እኔም ያን ጊዜ ስገዛ የጠየቅሁት ጥያቄ ይኸው ነበር። ጥያቄው ግን ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ካሜራ ፒክስል የሚያመርት መሣሪያ ሳይሆን ብርሃን የሚሰበስብ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው፣ “ይህ ካሜራ እኔ በምሄድበት ስፍራ፣ በምፈልጋት ቅጽበት፣ ስንት ፎቶን ሊሰበስብልኝ ይችላል?” ብሎ ነው። ለእናቴ ፎቶግራፍ የጎደለው ፒክስል አልነበረም፤ ፒክስሉማ ተርፎ ነበር።

መስተዋቱና ከበስተጀርባው ያለው

ኤስኤልአር የሚባለው የካሜራ ዓይነት ስሙን ያገኘው ከአንድ መስተዋት ነው። በሌንሱ በኩል የገባው ብርሃን በ45 ዲግሪ ያጋደለ መስተዋት ላይ ያርፍና ወደ ላይ ይታጠፋል። ከዚያም አምስት ገጽ ባለው ፕሪዝም ውስጥ ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን ይደርሳል። ፕሪዝሙ ባይኖር ኖሮ ግራና ቀኙ የተገለበጠ ምስል እናይ ነበር። ቁልፉን ስንጫን መስተዋቱ ብድግ ይላል፤ ሸተር የተባለው መዝጊያ ይከፈታል፤ ብርሃኑም ከበስተጀርባ ወዳለው ሴንሰር ያልፋል። ያ “ቀጭ” የሚለው ድምፅ በአመዛኙ የመስተዋቱና የመዝጊያው ድምፅ ነው።

ሴንሰሩ ብዙ ሚሊዮን ጥቃቅን ጉድጓዶች የተደረደሩበት የሲሊኮን ገበታ ነው። አንድ ፎቶን ሲሊኮኑን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ይህም አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ካብራራውና የኖቤል ሽልማት ካስገኘለት የፎቶ-ኤሌክትሪክ ክሥተት ጋር የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ ሂደቶች ናቸው። ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ሲሲዲ የተባለውን መሣሪያ ሲያስቡ፣ ሐሳባቸው እነዚህን የተለቀቁ ኤሌክትሮኖች እንደ ባልዲ ቅብብሎሽ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ እያሸጋገሩ መቁጠር ነበር። በዚህም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤልን የፊዚክስ ሽልማት ተካፍለዋል። ዛሬ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሲሞስ የተባለው ዓይነት ሲሆን ንባቡ በየፒክስሉ ይካሄዳል፤ ቆጠራው ግን ያው ነው። ካሜራ ቆጣሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ይገባል። የመስተዋት ካሜራ ዘመኑ እያለፈ ነው። ካኖንና ኒኮን የመጨረሻዎቹን አዳዲስ የኤስኤልአር ሞዴሎቻቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሙሉ ፊታቸውን መስተዋት አልባ ወደሆኑት ካሜራዎች አዙረዋል። ፔንታክስ ብቻ በመስተዋቱ ጸንቷል። ታዲያ ስለ እነዚህ ካሜራዎች ዛሬ መጻፍ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ባለ ገንዘቦቹ ወደ አዲሱ ሲሻገሩ አሮጌው ለተማሪ ኪስ እየቀረበ መጥቷል። ያገለገለ ኤስኤልአር ከነሌንሱ ከብዙ አዳዲስ ስልኮች ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ለጉዞም አንድ የማይናቅ ጥቅም አለው፤ በመስተዋቱ በኩል መመልከት ኤሌክትሪክ አይፈጅም። በአንድ ጊዜ የተሞላ ባትሪ ከ500 እስከ 1,000 የሚደርሱ ፎቶግራፎችን ሊያነሣ ይችላል። መብራት በሌለበት መንደር ሦስት ቀን ያደረ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቀዋል።

የፎቶን ቆጠራ

ብርሃን እንደ ዝናብ ጠብታ ነው። በአንድ ሰከንድ በአንድ ስኒ ውስጥ የሚወድቁት ጠብታዎች ቁጥር ዝናቡ እኩል ቢዘንብም ከስኒ ስኒ ይለያያል። ልዩነቱም የዘፈቀደ ይሁን እንጂ ሕግ አለው፤ በአማካይ N ጠብታ የሚጠበቅ ከሆነ መዋዠቁ የN ካሬ ሥር ያህል ነው። አንድ ፒክስል 10,000 ፎቶን ከቆጠረ መዋዠቁ 100 ነው፤ ይህም አንድ በመቶ ማለት ስለሆነ ዓይን አይለየውም። 100 ፎቶን ብቻ ከቆጠረ ግን መዋዠቁ 10፣ ማለትም አሥር በመቶ ይሆናል። በጨለማ በተነሡ ፎቶግራፎች ላይ አሸዋ የተነሰነሰ የሚመስለው፣ መሐንዲሶች “ጫጫታ” የሚሉት ነገር በአብዛኛው ይህ ነው። ከካሜራው ጉድለት የመነጨ ሳይሆን ከብርሃን ተፈጥሮ የመነጨ ስለሆነ በገንዘብ ብዛት አይወገድም። መድኃኒቱ ብዙ ፎቶን መሰብሰብ ብቻ ነው።

ፎቶን የምንሰበስብባቸው መንገዶችም ሦስት ናቸው፤ ሰፊ ሴንሰር፣ ሰፊ የሌንስ ቀዳዳ፣ ረጅም ጊዜ።

የሴንሰርን ስፋት እንመልከት። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 864 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በአብዛኞቹ የተማሪ አቅም በሚፈቅዳቸው ኤስኤልአሮች ውስጥ የሚገኘው ኤፒኤስ-ሲ ከ330 እስከ 370 ካሬ ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ25 እስከ 75 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በእነዚህ ገበታዎች ላይ ፒክስሉን ማብዛት ያንኑ እርሻ በትናንሽ ማሳዎች መከፋፈል ነው፤ በእርሻው ላይ የሚዘንበው ዝናብ አይጨምርም። እርግጥ የዛሬ ስልኮች ብዙ ፎቶግራፎችን በተከታታይ አንሥተው በስሌት አንድ ያደርጓቸዋል፤ ይህም በሌላ ስም ጊዜን ማስረዘም ነው። በቀን ብርሃን ለሚነሣ ፎቶግራፍ ስልክ ይበቃል ብል ካሜራ ሻጮች ይቀየሙኝ ይሆናል እንጂ እውነት ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር በደብዛዛ ብርሃን፣ ወይም ሩቅ ያለ እንስሳ ለማንሣት ለሚሻ ሰው ግን ልዩነቱ ይጎላል።

አይኤስኦ የሚባለውን ቁጥር በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አይኤስኦ ከፍ ሲል ካሜራው “ብርሃን የበለጠ ይስባል” ይባላል፤ አይስብም። በማታ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ የሩቅ ጣቢያ ያዳመጠ ሰው ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ዜና አንባቢውም ሹክሹክታውም አብረው ይጎላሉ። አይኤስኦ ይኸው የድምፅ ማጉያ ቁልፍ ነው። ይሁን እንጂ አይፈራ! አሸዋ ያለበት ጥርት ያለ ፊት፣ አሸዋ ከሌለበት የደበዘዘ ፊት ይሻላል። ይህንን ባውቅ ኖሮ የመጀመሪያው ነገር ሳይሆን የመጨረሻው ጭንቀቴ ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ላሊበላው ፎቶግራፍ እንመለስ። ካሜራው በፋይሉ ውስጥ መዝግቦ ያስቀመጠው እንዲህ ይላል፦ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው ኤፍ 5.6፣ አይኤስኦ 1600፣ የመዝጊያው ጊዜ የሰከንድ አንድ አራተኛ። እናቴ ከእኔ 3 ሜትር ያህል ርቃ ነበር። ራሷን ስትነቀንቅ በሰከንድ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተንቀሳቅሳለች እንበል፤ ይህ በጣም ዝግ ያለ እንቅስቃሴ ነው። በዚህ ርቀት ምስሉ ከእውነተኛው 59 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ በሴንሰሩ ላይ የፊቷ ምስል በሰከንድ 0.85 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። በሩብ ሰከንድ ውስጥ 0.21 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 210 ማይክሮ ሜትር ተጉዟል። የካሜራዬ ፒክስል ስፋት 6 ማይክሮ ሜትር ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የፊቷ ነጥብ በ35 ፒክስሎች ላይ ተለቅልቋል። ከካሜራው ጀርባ ያለችው መስኮት ደግሞ ሥዕሉን ከ10 እጥፍ በላይ አሳንሳ ስለምታሳይ 35ቱ ፒክስል ሦስት ሆኖ ዓይኔን አታለለኝ። በዚያች መስኮት ላይ ሥዕሉን አጉልቶ የሚያሳይ ቁልፍ ነበረ፤ አልተጫንሁትም።

ስለ ሌንስ

ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጠው ሌንስ አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሲሆን፣ ሲዘረጋ ትልቁ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ነው። የኤፍ ቁጥር የትኩረት ርቀቱ ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ የሚገባው ብርሃንም በካሬው ይጨምራል። ሁሉም ታዋቂ አምራቾች ማለት ይቻላል ባለ 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 የሆነ፣ የማይዘረጋ ትንሽ ሌንስ አላቸው፤ ከሌንሶቻቸው ሁሉ ርካሽ ከሆኑትም አንዱ ነው። 5.6ን ለ1.8 አካፍለን በካሬ ብናሳድገው 9.7 እናገኛለን። በአሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን! በዚያች ዕለት ይህ ሌንስ ቢኖረኝ ኖሮ በዚያው አይኤስኦ ሩቡ ሰከንድ ወደ አንድ አርባኛ ይወርድ ነበር፤ 35ቱ ፒክስልም ወደ ሦስትና አራት። ዝግ ያለ ነቅናቂ ፊት በአንድ ሁለት መቶኛ ሰከንድ ሲነሣ ደግሞ ልቅላቂው ከአንድ ፒክስል ያንሳል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ገንዘቡን ከካሜራው አካል ላይ ቀንሶ ሌንስ ላይ ማዋል። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው አካል ከጥሩ ሌንስ ጋር፣ አዲስ አካል ከካርቶን ሌንስ ጋር ካለው ይበልጣል። ሌንስ አያረጅም ማለት ይቻላል።

ሰፊ ቀዳዳ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አለ፤ ጥርት ብሎ የሚታየው የጥልቀት ክልል ይጠባል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስና በኤፍ 1.8፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ የጥራቱ ክልል 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በ1 ሜትር ርቀት ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ለሰው ፊት ትኩረቱን ዓይን ላይ ማድረግ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ለመልክዐ ምድር ነገሩ ይገለበጣል። ሌንሱን ወደ 18 ሚሊ ሜትር መልሰው፣ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 8 አጥብበው፣ 2 ሜትር ርቀት ላይ ቢያተኩሩ፣ ከ1 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማሱ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል። ይህንን አንድ ጊዜ አስተካክሎ በትኩረት ማስተካከያው ላይ እጅ አለማሳረፍ በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

“ኤፍ 8 ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ኤፍ 22 ደግሞ ይበልጣል” የሚል ተማሪ አይጠፋም። ዲፍራክሽንን የተማረ ግን ይጠራጠራል። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ የአንድ ነጥብ ምስልም ክብ ሆኖ ይሰፋል። የክቡ ስፋት 2.44 ሲባዛ በሞገድ ርዝመቱ፣ ሲባዛ በኤፍ ቁጥሩ ነው። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ ማለትም ለ0.55 ማይክሮ ሜትር፣ በኤፍ 8 ክቡ 11 ማይክሮ ሜትር ገደማ፣ በኤፍ 22 ግን 30 ማይክሮ ሜትር ገደማ ይሆናል። የዛሬዎቹ ባለ 24 ሚሊዮን ፒክስል የኤፒኤስ-ሲ ካሜራዎች የፒክስል ስፋት 3.9 ማይክሮ ሜትር ነው። በኤፍ 22 ያነሣ ሰው የአንዲቱን ነጥብ ምስል በሰባት ፒክስል ስፋት አሰራጭቶ የከፈለበትን ሜጋፒክስል በገዛ እጁ ጥሏል። ከኤፍ 11 ባያልፉ መልካም ነው።

ያገለገለ ካሜራ ሲገዙ

በአዲስ አበባ ሱቆችም ሆነ ከባሕር ማዶ በመጣ ዘመድ እጅ የሚገኘው ካሜራ በአብዛኛው ያገለገለ ነው። ሻጩ ስለ ንጽሕናው ቢምልም፣ ካሜራ ራሱን በራሱ የሚመሰክር መሣሪያ ነው። የሌንሱን ክዳን ሳይከፍቱ አይኤስኦውን 1600 አድርገው ለ10 ሰከንድ ያህል ያንሡ። ሥዕሉ ጥቁር መሆን አለበት፤ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆነው በአንድ ስፍራ ዘወትር የሚታዩ ነጥቦች ካሉ የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። ጥቂት ቢሆኑ አያስጨንቁም። ቀጥለው ወደ ጠራ ሰማይ አቅጣጫ በኤፍ 16 ያንሡ፤ በሴንሰሩ ላይ ያለ አቧራ ሁሉ ጥቁር ጠብታ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ሌንሱን ነቅለው በስልክ መብራት አሻግረው ይመልከቱ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር በመስታወቶቹ መካከል ከታየ ሻጋታ ነውና፣ ሌንሱ የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። የመዝጊያው ቆጠራም ይጠየቅ። የመካከለኛ ደረጃ ካሜራዎች መዝጊያ በአምራቾቹ ግምት 100,000 እስከ 150,000 ጊዜ ይሠራል።

ሻጮች ከአልትራ ቫዮሌት የሚጠብቅ ተጨማሪ መስታወት ካልገዙ ብለው ያስቸግራሉ። ዲጂታል ሴንሰር ከፊቱ አልትራ ቫዮሌትን የሚገታ ማጣሪያ አስቀድሞ ስላለው፣ ያ መስታወት ሌንስን ከጭረት ከመጠበቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

በሀገራችን ሰማይ ሥር

በውጭ ቋንቋ የተጻፉ የፎቶግራፍ መጻሕፍት ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅ ስላለው ወርቃማ ሰዓት ብዙ ይላሉ። ብዙዎቹ የተጻፉት ከእኛ ርቀው በሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች ነው። እኔ የተማርሁባት ከተማ 60 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ነበረች፤ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ ከ7 ዲግሪ አትዘልም ነበርና፣ ጸጋ ከሆነ፣ ቀኑ በሙሉ ወርቃማ ነበር። በእኛ አገር ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቁልቁል ነው። ላሊበላ 12 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሰዓት 14.7 ዲግሪ ያህል ትወርዳለች፤ ከ6 ዲግሪ ከፍታ እስከ አድማስ ለመድረስ 25 ደቂቃ አይሞላትም። የእኛ “ወርቃማ ሰዓት” ሰዓት አይደለም። መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ያልፋል። ስለዚህ ቦታን አስቀድሞ መርጦ፣ ካሜራን አስተካክሎ መጠበቅ ግድ ነው።

በሌላ በኩል ቀትራችንን መናቅ አይገባም። መጻሕፍቱ በቀትር አታንሡ ይላሉ። በሰው ፊት ላይ እውነት ነው፤ ዓይኖች በቅንድብ ጥላ ይጋረዳሉ። የቤተ ጊዮርጊስ ነገር ግን ልዩ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከ12 ሜትር ያህል ጉድጓድ ውስጥ ስለተፈለፈለ፣ ጣራው በፀሐይ ሲያበራ ወለሉ በጥላ ይዋጣል። በገና ሰሞን የቀትር ፀሐይ ከፍታ 56 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የ12 ሜትር ግድግዳም 8 ሜትር የሚረዝም ጥላ ይጥላል። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ግን ፀሐይ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ጥላው ወደ ግድግዳው ሥር ይሰበሰባል። (ቀትር ስል የሰዓቱን 6 ሰዓት ማለቴ አይደለም። የሰዓት ክልላችን የተቆረጠው ከእኛ በስተምሥራቅ በሚያልፈው የ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ስለሆነ፣ በላሊበላ ፀሐይ ከፍ የምትለው ከ6 ሰዓት ከ20 እስከ 6 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው።) ነሐሴ ደመናማ ነው ቢባልም ደመና ራሱ ሰፊ መብራት ነው፤ ብርሃንን ከየአቅጣጫው ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል።

ጣራው ሲያበራ ወለሉ በጨለመበት ሰዓት ያለ ምርጫ የደረሰ ሰው ካሜራውን ሮው ወደተባለው የአመዘጋገብ ዓይነት ይቀይር። ጄፔግ የተባለው የተለመደው ፋይል ለአንድ ቀለም 256 የብርሃን ደረጃዎች ብቻ ሲኖሩት፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 ደረጃዎች አሉት። ለጣራው ተስማሚ በሆነ መጠን አንሥቶ ጥላውን በኋላ በኮምፒዩተር ማንሣት ይቻላል። ተቃራኒው አይሠራም፤ የሞላ ባልዲ ከአፉ በላይ ስንት ሊትር እንደፈሰሰ አይናገርም።

የስሜን ተራሮችን ያየ ሰው ሁሉ የሚያማርረው የሩቁ ገደል ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ መውጣቱን ነው። የአየር ሞለኪውሎች ብርሃንን የሚበትኑት በሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ኃይል ተገላቢጦሽ ስለሆነ፣ ሰማያዊው ከቀዩ አራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ይህ የተበተነ ብርሃን በከፊል ፖላራይዝድ ነው፤ ስለዚህ በሌንሱ ጫፍ የሚሽከረከር የፖላራይዘር መስታወት ሊቀንሰው ይችላል። ውጤቱ የሚጎላው ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ነው። እዚህ ላይ ለአገራችን ቀትር ሌላ ውለታ አለ፤ ፀሐይ ከአናት በላይ ስትሆን ከእርሷ 90 ዲግሪ የሚርቀው አድማሱ ዙሪያውን ነው። በሰሜን አገር የሰማዩን ግማሽ አጨልሞ ግማሹን የሚተው ይህ መስታወት በእኛ ቀትር ወደየትም ቢያዞሩት እኩል ይሠራል። ብርሃኑን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ ግን አይረሳ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ይውለቅ።

ሙቀት፣ ጤዛና አቧራ

ሴንሰር ብርሃን ባይነካውም በሙቀት ብቻ ኤሌክትሮን ይለቅቃል፤ ይህም ሙቀቱ በየ6 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። ዳሎል የሚሄድ ሰው ካሜራውን ከመኪና መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ባያስቀምጥ ነው። ከባሕር ወለል በታች ባለው በዚያ ምድር ከሙቀቱ ይልቅ የሚከፋው የጨው ብናኝ ነው። እዚያ ሌንስ አይቀየርም፤ ጠዋት የመረጡትን ይዘው ይውላሉ።

በስሜን ሌሊት ሲቀዘቅዝ የሊትየም ባትሪ ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ ባትሪው አልቆ ሳይሆን ደንዝዞ ነው። ነቅሎ በጋቢ ውስጥ ከገላ አጠገብ ማሳደር ይበቃል። ከቀዝቃዛ ስፍራ ወደ ሞቀና እርጥበት ወዳለው ቤት ሲገቡ ደግሞ ካሜራው ላይ ጤዛ ይቋጠራል። መላው ቀላል ነው፤ ከመግባትዎ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት አጥብቀው ያስሩ፤ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል አንድ ሰዓት ያህል ይታገሡ። ጤዛው በላስቲኩ ላይ ይቋጠራል። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች አይጣሉ፤ የሌንስ ሻጋታን ከሚከላከሉት ነገሮች ሁሉ ርካሾቹ እነርሱ ናቸው።

ያልተመዘገበው

ባለፈው ሴሚስተር ስለ ካሜራ ባወራሁበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ “መምህር፣ ዛሬ የደበዘዘ ፎቶ የሚያጠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች አሉ፤ ለምን አይሞክሩትም?” አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእንቅስቃሴው መንገድ በትክክል ቢታወቅ ልቅላቂውን በሒሳብ ወደ ኋላ መመለስ በከፊል ይቻላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ፒክስል ከመነሻው የቆጠረው ጥቂት ፎቶን ነበር፤ ልቅላቂው ሲመለስ የቆጠራው መዋዠቅ አብሮ ይገዝፋል፤ ጥቃቅኑ ዝርዝርም በእርሱ ይዋጣል። አዲሶቹ ፕሮግራሞች ደግሞ የሚያደርጉት ሌላ ነገር ነው። ካዩዋቸው ብዙ ሚሊዮን ፊቶች ተነሥተው በዚህ ስፍራ ሊኖር የሚገባውን ይገምታሉ።

በዚያው ምሽት ሞከርሁት። ፊቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ የጧፉ ብርሃን በጉንጩ ላይ በሚያምር ሁኔታ አርፏል፤ የሽፋሽፍቱ ጸጉር ይቆጠራል። ለእህቴ ላክሁላት። “ሴትየዋ ማን ናት?” ብላ መለሰችልኝ። ያንን ፋይል አጠፋሁት። ባለ 35 ፒክስሉ ልቅላቂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ተቀምጧል።